ስለ ምርኮኛ አያያዝ

ሰይፉን መዝዞ በፊቱ የቆመውን ጠላት የሚዋጋ ሰው ጀግና ይባላል። ነገር ግን ያው ጠላት መሣሪያውን ጥሎ እጁን በሰጠ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። እንግዲህ ይህ ሰው ጠላት ነውን? ወይስ በእጃችን የተሰጠ አደራ ነው? አንባቢ ሆይ፥ ይህ ነገር ለወታደር ብቻ የተተወ አይደለም፤ ብዙ ሠራዊት በበሮችዋ ሲወጣና ሲገባ ባየች በሐረር ከተማ ለምንኖር ለእኛም ይገባናል።

በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ወደ 1900 የሚጠጉ የኢጣልያ ሰዎች ተማረኩ። ዐፄ ምኒልክም ለየመኳንንቱ አከፋፍለው ወደ አዲስ አበባ አስመጡአቸው። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የሰላም ውል ከተፈረመ በኋላ፥ ምርኮኞቹ ራስ መኰንን በሚገዙአት በሐረር በኩል አልፈው ወደ ዘይላ ወረዱ፥ ከዚያም በመርከብ ወደ አገራቸው ተመለሱ። አረመኔ ይሉት በነበረ ሕዝብ እጅ ወድቀው ብዙዎቹ በሕይወት መመለሳቸው ለአገራችን ክብር ሆነ።

ነገር ግን እውነትን የሚወድ ሰው የታሪኩን እኩሌታ ብቻ አይናገርም። በዚያው ጦርነት ከኢጣልያ ጋር ተሰልፈው የተማረኩ ብዙ መቶ ጥቁር ወታደሮች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቈረጠ። ስለ ምን? ነጩ «የጦር ምርኮኛ» ሲባል ጥቁሩ «ከሃዲ» ተብሎአልና። ነጩን የሚጠይቅ መንግሥት ነበረው፤ ኢጣልያም ስለ ምርኮኞችዋ ወጪ ገንዘብ ከፈለች። ስለ ጥቁሩ ግን የሚከራከርለት አልተገኘም።

ምናልባት አንድ ሰው፥ «ከሃዲ መቀጣት አይገባውምን?» ይል ይሆናል። በደሉ ከተረጋገጠ ይገባዋል፤ ነገር ግን ቅጣት ከፍርድ በኋላ ይመጣል፥ ፍርድም የእያንዳንዱን ሰው ነገር ለብቻው ይመረምራል። ከመካከላቸው በግድ የተወሰደ፥ ወይም ስለ ዕለት እንጀራው የገባ ሊኖር ይችላልና። ከጦር ሜዳ በትኩሱ የተመለሰ ቍጣ ግን በመቶው ሰው ላይ በአንድ ስም ይፈርዳል።

ከአርባ ዓመት በኋላ ይኸው ክፋት በእኛ ላይ ተመለሰ። መንግሥታት ምርኮኛን ስለ መጠበቅ በ1921 ዓ.ም. በጄኔቭ ውል ተፈራርመው ነበር፤ ኢጣልያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። ነገር ግን አገራችንን በወረረች ጊዜ አርበኞቻችንን ምርኮኞች አላለቻቸውም፤ ሽፍቶችና ዐመፀኞች አለቻቸው እንጂ። የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን፥ በሕይወታቸው ክፉ እንደማይደርስባቸው ቃል ተገብቶላቸው እጃቸውን ቢሰጡ፥ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በፍቼ ተገደሉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላም ብዙ ሕዝብ ያለ ፍርድ ወደ ደናኔ ተጋዘ፤ በዚያም በረሃብና በበሽታ ብዙዎች አለቁ። ይህን ስንሰማ እናዝናለን፤ እንግዲያስ በዐድዋ ስለ ተቈረጡትም ልናዝን ይገባናል።

በ1941 ዓ.ም. የጄኔቭ ውል ታድሶ፥ ጦርነት ባከተመ ጊዜ ምርኮኛ ያለ መዘግየት እንዲለቀቅ አዘዘ። ሆኖም በ1969 ዓ.ም. ተነሥቶ እስከ ሐረር ደጃፍ የደረሰው የሶማልያ ጦርነት በ1970 ዓ.ም. ሲያበቃ፥ ከሁለቱም ወገን የተማረኩት እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ አልተለቀቁም። ጦሩ ካለቀ በኋላ ዐሥር ዓመት በእስር የቈየ ሰው ማንን ይዋጋ ነበር?

የሶርያ ጭፍሮች በሰማርያ መካከል በተያዙ ጊዜ የእስራኤል ንጉሥ ሊመታቸው ፈለገ፤ ነቢዩ ኤልሳዕ ግን አብልቶና አጠጥቶ ወደ ጌታቸው እንዲያሰናብታቸው መከረው። በማዕዱም ላይ ይህ አለቃ ነው፥ ያ ጭፍራ ነው ተብሎ አልተለየም።

ስለዚህ፥ ወዳጄ ሆይ፥ ምርኮኛ በከተማህ ሲያልፍ ብታይ ከሚዘብቱበት ጋር አትዘብት። ከሃዲ ነው፥ ሽፍታ ነው ሲሉህ፥ «ማን ፈረደበት?» ብለህ ጠይቅ። ሥልጣን ካለህም ቍስሉን አስታም፥ እንጀራና ውኃ ስጠው፥ በሕይወት መኖሩን ለእናቱ እንዲጽፍ ፍቀድለት። በደል ካለበት በዳኛ ፊት አቁመው፤ ከሌለበትም ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ቤቱ ስደደው።