ቀለበቱን ያጠፋኸው አንተ

ድረ ገጽ የምትሠራ ወንድሜ፣ ቁጭ በልና ስማኝ።

ከአረካ ወዲያ፣ ቦምቤ ከተማ፣ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እጁ የሚንቀጠቀጥ ወጣት የሥራ ማመልከቻ ሲሞላ አየሁ። ማውዝ መያዝ አይሆንለትም፤ ታብ እየተጫነ ከሳጥን ወደ ሳጥን ይሻገራል። የት እንደደረሰ ግን ስክሪኑ አያሳየውም። ስለዚህ በከንፈሩ ይቆጥር ነበር። ቆጠራው በአንድ ተሳሳተና «ላክ» መስሎት «ሰርዝ» ላይ ኢንተር ተጫነ። የጻፈው ሁሉ ጠፋ። ምንም ሳይናገር እንደገና ከስሙ ጀመረ።

ይህን ያደረገው ኔትወርክ አይደለም፤ መብራትም አልጠፋም። ብሮውዘር ሳይነገረው ፎከስ ያረፈበትን ሊንክና በተን እንደ ቀለበት በመስመር ይከብባል። አንተ «ዲዛይኔን አበላሸብኝ» ብለህ ሲኤስኤስህ ውስጥ «አውትላይን ነን» ጻፍክ። ሁለት ቃል ነው፤ በሁለት ቃል የሰው መንገድ አጨለምክ።

አላወቅሁም አትበለኝ። የድረ ገጽ ባለሙያው ኤሪክ ሜየር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የሲኤስኤስ ሪሴት መስመሩን ሲያነሳ፣ የራስህን የፎከስ ምልክት ማስቀመጥህን አስታውስ የሚል ማሳሰቢያ እዚያው ጽፎ ነበር። ማጥፊያውን ቀድተህ ማሳሰቢያውን ዘለልክ። በዚያው ዓመት የወጣው የዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያም በኪቦርድ የሚሠራ ሰው ያለበትን ቦታ ማየት መቻል አለበት ይላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው እትሙ ደግሞ ምልክቱ ከአጠገቡ ቀለም ጋር ቢያንስ 3 ለ 1 ንፅፅር እንዲኖረው ጨመረበት። ግራጫ በግራጫ ላይ አስምረህ «አለ» ብትል ማታለል ነው። አገርህ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ስለ ተደራሽነት በሚናገረው አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን በስሙ ጠርቶታል።

«ደንበኛው ቀለበቱን ጠላው» ትላለህ። እሺ፤ የሲኤስኤሱ «ፎከስ ቪዚብል» ለምን ተሠራ? እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ሁሉ ያውቁታል። በተኑን በማውዝ የሚጫን ሰው ቀለበቱን አያይም፤ በታብ የሚመጣው ያያል። ሁለት ፒክስል ውፍረት ያለው ደማቅ አውትላይን፣ ከበተኑ ትንሽ ራቅ ብሎ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በጥላ ብቻ አትሸንግለኝ፤ ዓይኑ የደከመ ሰው በዊንዶውስ ከፍተኛ ንፅፅር ሲያበራ ቦክስ ሻዶው ይጠፋል፣ አውትላይን ይቀራል።

ዛሬ ማታ ማውዝህን ንቀል። የራስህን ፎርም ከስምህ ጀምረህ በታብ ብቻ ሙላ። መሐል ላይ ቢጠፋብህም አታቋርጥ፤ የቦምቤው ልጅ አላቋረጠም።