ድንኳኑ ለሕያዋንም ይሁን

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ 26 ቀን ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ በአዋሽና በፈንታሌ ምድር ሥር ከመስከረም ጀምሮ ሲናጥ የቆየው ኃይል መጠኑ ከ5.5 በላይ በሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተገልጦ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን የምንኖረውን የአዲስ አበባ ሰዎች ከእንቅልፋችን ቀሰቀሰን። ሰሚት ከሚገኘው የጋራ መኖሪያ ቤታችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ መጀመሪያ የሰማሁት፣ የቡፌው ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ሲነካኩ የሚያሰሙትን ቀጭን ድምፅ ነበር፤ የስልኬን መብራት አብርቼ ወደ ማድ ቤት ብመለከት ደግሞ በባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ማንም ሳይነካው ክብ ክብ እየሠራ ሲወዛወዝ አየሁ። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ያደረግነው አንድ ነው፤ ልጆቻችንን አቅፈን፣ ጋቢና ነጠላ ደርበን፣ በጨለማው ደረጃ እየተጋፋን ወረድን። ከታች ስንደርስ የግቢው የኋላ በር በሰንሰለት ተቆልፎ አገኘነው፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት እናት እላይ መቅረታቸውን ያስታወስነውም ሁላችንም ወርደን በብርዱ ከቆምን በኋላ ነው። ሁለት ወጣቶች ሮጠው ወጥተው ሲያገኟቸው እማማ መቍጠሪያቸውን ይዘው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ «እናንተ ደኅና ናችሁን?» ብለው ጠየቋቸው።

ያች ሌሊት ከዚያ ወዲህ ከኅሊናዬ አልወጣችም። መሬቱ መንቀጥቀጡ ብቻውን እንዲህ ባላሳሰበኝም ነበር፤ ያሳሰበኝ፣ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በዚያው ግቢ አንድ አባት ባረፉ ጊዜ ያየሁት ሥርዓት ከዚህ ጋር ፈጽሞ የማይመሳሰል መሆኑ ነው። ያን ዕለት መርዶው በተሰማ በአንድ ሰዓት ውስጥ የእድራችን ድንኳን ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ትልልቁ ብረት ድስት ከዕቃ ቤት ወጥቶ ተጥዶ ነበር። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ማንም አልጠየቀም፤ ሁሉም ያውቃልና። ሽንኩርት የሚከትፈው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ ለቀስተኛ የሚቀበለው፣ ሌሊት ከሐዘንተኛው ጋር የሚያድረው ሁሉ ተራውን ያውቅ ነበር፤ የቀረ ሰው ደግሞ መቀጫውን እንደሚከፍል ጸሐፊው በመዝገብ ይዟል። እንግዲህ እኛ ሰነፎች ወይም ሥርዓት የማናውቅ ሕዝብ ነን የሚል ሰው ቢኖር ወደ እድራችን ይምጣና ይይ። ጉድለታችን ይህን ሁሉ ትጋት፣ ይህን ሁሉ መዋጮና መዝገብ፣ ለሞተው ወንድማችን ብቻ አውለን፣ በሕይወት ላለው አንዲት ባልዲ ውሃ እንኳ ደረጃው ሥር ሳናስቀምጥ መኖራችን ነው።

ምናልባት «ይህ አንድ ጊዜ የመጣ ነገር ነው፤ አልፏል» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በዚያው ዓመት መስከረም 26 ቀን እሑድ ማታ የቦሌና የሲኤምሲ ፎቆች ነዋሪ ተደናግጦ ወደ አደባባይ መውጣቱን፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ መጠኑ ወደ 6 የደረሰ መንቀጥቀጥ ዳግመኛ መምጣቱን ማስታወስ ይገባል፤ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢም ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ እንዲሰደድ ግድ ሆኗል። ወደ ኋላ የተመለከትን እንደ ሆነም በ1898 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ገና የሃያ ዓመት ከተማ የነበረችው አዲስ አበባ ተናውጣለች፤ በ1953 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ደግሞ በደሴ መንገድ ላይ ያለችው ካራቆሬ ክፉኛ ተጎድታ፣ ጎረቤቷ ማጀቴ ጨርሳ ፈርሳለች። ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ጎረቤታችን ነው፤ ሩቅ የመሰለን ጎጇችን ጭቃና እንጨት፣ ቤታችንም ምድር ቤት ብቻ በነበረበት ዘመን ስለ ነበርን ነው። ዛሬ ግን ከመገናኛ እስከ አያት፣ ከገርጂ እስከ ቦሌ አራብሳ ድረስ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው በሲሚንቶ ላይ በሲሚንቶ ተደራርቦ የሚያድር ሆኗል፤ ቤቱ ሲለወጥ የባለቤቱም ልማድ አብሮ መለወጥ ነበረበት።

ምክር በተነሣ ቁጥር «ሟርት ነው፤ ክፉ አታውራ» የሚለውን ቃል እሰማለሁ፤ ይህንንም የሚናገሩት ብዙ ጊዜ ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ለእነርሱ በትሕትና የምመልሰው ይህን ነው፤ ዮሴፍ በግብፅ ሰባት የጥጋብ ዓመታት ሳሉ የእህሉን አምስተኛ እጅ በጎተራ ሲያከማች ሟርተኛ አልተባለም፤ ከዐሥሩ ደናግልም ልባሞች የተባሉት በማሰሮ ትርፍ ዘይት የያዙት አምስቱ ናቸው። አበውና እማትስ ቢሆኑ መቼ ሳይሠንቁ ወጥተው ያውቃሉ? ባልቴቷ ክረምት ሳይገባ በርበሬውን አስጥታ፣ ሽሮውን አስፈጭታ፣ ማገዶውን ከጣራ ሥር የምትከምረው ዝናቡን ጠርታ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ፣ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ የነበረው ሜጀር ጋሊያኖ መድፍና ጥይት ነበረው፤ እቴጌ ጣይቱ የመከሩት ግን ከምሽጉ ውጭ ያለውን ምንጭ መያዝ ነበር፤ ምንጩ ተይዞ የጦሩ ጉሮሮ በደረቀ ጊዜ ያ ሁሉ መሣሪያ ሊያቆየው ስላልቻለ በጥር ወር ምሽጉን ለቀቀ። የውሃን ነገር አያቶቻችን በሌላው ላይ እንዲህ አድርገው ተረድተውት ሳለ፣ እኛ ግን ቧንቧው ሲደርቅ እንደ አዲስ ነገር እንደናገጣለን።

ስለ ውሃ ጥቂት ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ከሁሉ ይልቅ የሚደጋገመው ችግር ይኸው ነውና። በእኛ ሠፈር ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ግፊቱም ሲደክም ከታች ያለው ጎረቤት እየቀዳ ላይኛው ፎቅ ያለው ባዶ ቧንቧ ይከፍታል። አንድ ሰው ለመጠጥና ለምግብ ብቻ በቀን 4 ሊትር ቢበቃው፣ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት ለሦስት ቀን 60 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ይህም ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ሦስት ማለት ነው። ሦስት ጀሪካን የሚያስቀምጥ ጥግ የሌለው ቤት በቦሌም በየካም ያለ አይመስለኝም። ብዙዎቻችን ሮቶ ከጣራ ላይ አለልን ብለን እንመካለን፤ ሮቶው ግን ውሃ በሄደ በሁለተኛው ቀን ልብስ ታጥቦበት፣ መጸዳጃ ፈስሶበት ያልቃል። ስለዚህ የመጠጡን ጀሪካን ለብቻው ለዩት፤ ዘይት ወይም ጋዝ ያልነካው ይሁን፤ በደንብ ታጥቦ፣ ተከድኖ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ለልብስ ማጠቢያ አፍስሳችሁ በአዲስ ሙሉት። ውሃውን ከተጠራጠራችሁት አፍሉት፤ ማገዶ ካጣችሁም ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው ውሃ አጋር እንደ ተጻፈበት መጠን ይጨመርበት።

የምግቡ ነገር ከዚህ ይቀላል። እሳት በሌለበት የሚበላ ምግብ ለመፍጠር ከኢትዮጵያዊት እናት የበለጠ ጥበበኛ አላውቅም፤ በሶው፣ ቆሎው፣ ድርቆሹ፣ ቋንጣው ሁሉ ለመንገድና ለዘመቻ የተገኘ ነውና፣ በአንድ ንጹሕ ጣሳ ውስጥ የሦስት ቀኑን ይዞ ማስቀመጥ በቂ ነው። ገቢዋ የዕለት የሆነ እናት በአንድ ጊዜ ልትገዛው ባትችል በየሳምንቱ አንዳንድ እፍኝ ታስቀምጥ። ወሬ በተሰማ ማግስት ግን ወደ ሱቅ ሮጦ ዘይቱንና ስኳሩን በካርቶን እያስጫኑ መሄድ ዝግጅት አይባልም፤ የጎረቤትን ድርሻ መንጠቅ ነው፤ ይህን በግልጥ መናገር አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

መብራት ሲሄድ የሚደርሰው አደጋ መብራት በመሄዱ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በምትኩ በምናደርገው ነገር ይመጣል። ሻማ በመጋረጃ አጠገብ ይተከልና እንቅልፍ ይጥለናል። ምጣዱና ምድጃው እንደ ተሰካ ይቀርና መብራቱ በኃይል ሲመለስ ሽቦውን ያግለዋል፤ ስለዚህ መብራት በሄደ ጊዜ ሁሉንም ከሶኬት ነቅሎ፣ መመለሱን የምታሳውቅ አንዲት አምፖል ብቻ ትቶ መቆየት ይገባል። ድስት ውስጥ ዘይት ቢነድ ውሃ አትድፉበት፤ ክዳኑን ጫኑበትና እሳቱን አጥፉ።

ከሁሉ የከፋው ግን ከሰል ነው። የነሐሴ ብርድ ሲጸና፣ ወይም አራስ ባለችበት ቤት፣ ፍም የሞላ ምድጃ ወደ መኝታ ቤት አግብቶ በርና መስኮት መዝጋት በከተማችን ስንቱን ቤተ ሰብ ሌሊቱን እንደ ተኛ አስቀርቷል። ፍሙ ጭሱን ጨርሶ የቀላ ጊዜ ደግ የሆነ ይመስላል፤ ያን ጊዜም ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ አየር ከውስጡ መውጣቱን አያቋርጥም፤ ሰውየውን ራሱን ያዞረዋል፣ ያደክመዋል፣ ልነሣ ሲል ጉልበቱ ይከዳዋል። እናቶች ሆይ፣ እኅቶቼ ሆይ፣ ብርዱን በጋቢና በብርድ ልብስ ተከላከሉት፤ ፍም ይዛችሁ ግን አትተኙ።

ስለ መንቀጥቀጡ ራሱ ባለሙያዎች የሚመክሩት አጭር ነው፤ እኔም ያን ሌሊት ሳላውቀው ያጠፋሁትን ስለ ተማርሁ እነግራችኋለሁ። ምድሪቱ እየተንቀጠቀጠች ሳለ በደረጃ መሮጥ፣ በሊፍትም መግባት አይገባም፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራስን ሸፍኖ፣ ከመስተዋትና ከቁም ሣጥን ርቆ ቆይቶ፣ ካቆመ በኋላ ሲሊንደሩን ዘግቶ፣ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቶ በእርጋታ መውረድ ነው። ቁም ሣጥኑንና ቡፌውን ዛሬውኑ ከግድግዳው ጋር በብሎን አሲዙት፤ በልጆች አልጋ ራስጌ ከባድ ነገር አትስቀሉ።

ርዳታ የሚገባበት መንገድም ሊታሰብ ይገባል፤ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት 11 ቀን መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል፣ የመንገዱ ጥበት ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ትልቅ ፈተና እንደ ነበር ተነግሯል። በእኛ ግቢ መንገዱ በፕላን ሰፊ ነው፤ ያጠበብነው እኛው ነን፤ ማታ ማታ መኪናችንን በበሩ አፍ አቁመን እንተኛለንና። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት እየተነገረን አድገን፣ ቅጠሉ የሚያልፍበትን መንገድ በገዛ እጃችን ዘጋነው።

እንግዲህ እኔ የምለምነው አዲስ ማኅበር እንዲቋቋም አይደለም፤ ማኅበሩ አለ። የእድሩ መዝገብ የአባላቱን ስም ከያዘ፣ በአንድ ተጨማሪ ገጽ ላይ በየፎቁ መውረድ የማይችል አረጋዊ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ፣ አራስና ሕፃን ያለበትን ቤት ይያዝ፤ ለያንዳንዳቸውም የሚደርስላቸው ሰው በስም ይመደብ። ድንኳኑ ለሐዘን ብቻ ታጥፎ አይቀመጥ፤ ቤት ሲነድ ወይም ሲናጥ ሌሊቱን ውጭ ለሚያድሩ ልጆች መጠለያ እንዲሆን ይወሰን። ከወርኃዊው መዋጮ ላይ የእሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ ርዳታ ዕቃ ይገዛ። የእሳትና አደጋ ኮሚሽን ቍጥር 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የፖሊስ 991 መሆኑ በየደረጃው ግድግዳ ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ ስልክ ባትሪው ሲያልቅ በውስጡ ያለው ቍጥር አብሮት ይጠፋልና። የቤት ካርታ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የባንክ ደብተር ደግሞ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ተጠቅልሎ በር አጠገብ ይቀመጥ።

በእኛ ግቢ ነገሩን ያነሣሁት ከጥምቀት በኋላ በነበረው የእሑድ ስብሰባ ላይ ነበር። አንዳንዶች አጉረመረሙ፤ የእድሩ ዳኛ ግን ጸሐፊውን አዲስ ገጽ እንዲገልጥ አዘዙትና፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ የአራተኛ ፎቋን እማማ ስም፣ ከጎኑም የሁለቱን ወጣቶች ስም አጻፉ። የኋላ በሩ ቁልፍ መገናኛ ተወስዶ በሦስት ተቀረጸ፤ አንዱ በጥበቃው እጅ፣ አንዱ በዳኛው ቤት ነው፤ ሦስተኛው ከምድር ቤቱ ደረጃ ሥር፣ ከሁለት ሙሉ ጀሪካኖች በላይ፣ በምስማር ተሰቅሏል።