ተገኝቶ ስለ መቅረት

ሰው በአንድ ስፍራ ተገኝቷል የሚባለው ምን ሲያደርግ ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ተማሪ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ካለ ተገኝቷል፤ ምስክርም በችሎት ፊት ከቆመ ተገኝቷል። እኔም ብዙ ዘመን ከዚህ አልፌ አላሰብሁም ነበር። አንድ ምሽት ግን ስሜ ሲጠራ «አለሁ» ብዬ መልሼ ሳልኖር ቀረሁ። ይህን የምጽፈው ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ ነገ የሰው ጉዳይ በእጃችሁ የሚገባ ወጣቶች ሁሉ እንድታስቡበት ነው። ዘመኑን የምቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የምኖረው በእንግሊዝ አገር በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ጎረቤቶቼ መርጠውኝ የከተማዋ ምክር ቤት አባል ሆንሁ። እንዲህ ያለው ምክር ቤት ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም አይመክርም፤ ሥራው የመቃብር ስፍራ፥ የልጆች መጫወቻ፥ የመንገድ ዳር መቀመጫ፥ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ነው። ቢሆንም ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅም፤ ሰው ዕለት ዕለት የሚኖረው በእነዚህ ነገሮች መካከል ነውና።

በ1972 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ፥ ውሳኔ የሚጸናው በስብሰባው ተገኝተው ድምፅ በሚሰጡት አባላት ብልጫ ነው ይላል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ግን ሰው ከሰው መቀራረቡ አስጊ ስለ ሆነ፥ ምክር ቤቶች በኮምፒዩተርና በስልክ እንዲሰበሰቡ የሚፈቅድ ደንብ ወጣ። ደንቡ ከኤፕሪል 4 ቀን 2020 እስከ ሜይ 7 ቀን 2021 ድረስ ሠራ። እኛም አዳራሹን ዘግተን በየቤታችን ተቀመጥን።

በኦክቶበር 2020 በአንድ ምሽት የቀረበልን ጉዳይ በገበያው አደባባይ ያለው መጸዳጃ ቤት ወጪው ስለ በዛ ይዘጋ የሚል ነበር። አንዲት አሮጊት በስልክ ገብተው እንዲናገሩ ሦስት ደቂቃ ተሰጣቸው። ጉልበታቸው ደረጃ ስለማያስወጣቸው ወደ አዳራሻችን ገብተው አያውቁም፤ ድምፃቸው ምክር ቤቱ ፊት ሲቀርብ ያ የመጀመሪያው ነበር። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ምድጃ ላይ ወጥ ጥጄ ነበር። ካሜራውንም ድምፁንም ዘጋሁና ድስቱ እንዳያርብኝ ወደ ማድ ቤት ሄድሁ። ስመለስ ድምፅ ይሰጥ ነበር። ስሜ ተጠራ፤ «ይዘጋ» አልሁ። ተዘጋም።

ኅሊናዬ ሲነካኝ ብዙ ማመካኛ አቀረብሁለት። «የእኔ ድምፅ ባይጨመርም በብዙ ብልጫ ያልፍ ነበር» አልሁት። «ጽሑፉን አስቀድሜ አንብቤዋለሁ» አልሁት። ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ ሁለቱም ግን አልረዱኝም። ለሚናገር ሰው ጆሮ መስጠት በውጤቱ የሚለካ ነገር አይደለምና። ዳኛ ፍርዱ የታወቀ ቢመስለው እንኳ ተከራካሪውን ሳይሰማ ቢፈርድ፥ ፍርዱ ትክክል ሆኖም እሱ በድሏል።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር፥ ሃንድፎርዝ በምትባል ስፍራ የአካባቢው ምክር ቤት በኮምፒዩተር ተሰብስቦ ሳለ አባላቱ ተጯጯኹ፤ ሊቀ መንበሩ ሳይቀሩ ከስብሰባው እንዲወጡ ተደረገ። ፊልሙ በፌብሩዋሪ 2021 ተሰራጭቶ ብዙ ሚሊዮን ሰው አየውና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ኋላ ሳስበው ግን እነዚያ ሰዎች ቢጣሉም እዚያው ነበሩ፤ ጩኸታቸው መገኘታቸውን ይመሰክራል። የእኔ ጥፋት ዝም ያለ ስለ ነበረ ማንም አላየውም፤ ማንም አልሳቀበትም።

በማርች ወር እኒያን አሮጊት በአውቶቡስ መጠበቂያ ላይ አገኘኋቸው። ስሜን ስነግራቸው ፊታቸው በራና፥ «ቢዘጋም ግድ የለም፤ ሰምታችሁኛልና አመሰግናለሁ» አሉኝ። እኔም ዝም ብዬ ምስጋናውን ተቀበልሁ። ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው፤ ከመጀመሪያውም የባሰ ይመስለኛል። ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነሣኝ። በመጨረሻ ቤታቸው ሄጄ ከደጃፋቸው ቆሜ እውነቱን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና፥ «እንግዲያስ ያን ቀን ያልሁትን አታውቀውም ማለት ነው» አሉ። አላውቀውም ነበር። እዚያው በራፋቸው ላይ እንደገና ነገሩኝ፤ ሦስት ደቂቃም አልፈጀ። «ገበያ በምወጣበት ቀን፥ በመንገድ እንዳልቸገር ብዬ ከጠዋት ጀምሬ ውሃ አልጠጣም» አሉኝ። ባነበብሁት ጽሑፍ ውስጥ ይህ አልነበረም።

ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አመለከትሁ። በዚህ መካከል በኤፕሪል 28 ቀን 2021 ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1972ቱ ሕግ ስብሰባ ማለት በአንድ በታወቀ ስፍራ በአካል መገናኘት ነው፤ ሌላ ከተፈለገም ሕጉን የሚለውጠው ፓርላማው ነው ብሎ ፈረደ። በዌልስ ግን በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ አባላት በያሉበት ሆነው እንዲመክሩ ፈቀደ። በ2024 ደግሞ መንግሥት በእንግሊዝም ይህ ይፈቀድ እንደ ሆነ የሕዝቡን አስተያየት ጠየቀ።

ጉዳዩ በጁን 2021 ሲታይ ሁላችንም በአዳራሹ በአካል ተቀምጠን ነበር። አሮጊቷ ግን አልነበሩም፤ አዳራሹ ያለው ፎቅ ላይ ነው። ሕጉ በአካል እንዲገኙ ያዘዘው አባላቱን ነው እንጂ የሕዝብን ድምፅ በስልክ እንዳንሰማ አልከለከለንም ነበር። ሆኖም አንድ ስልክ ከጠረጴዛው ላይ ለማኖር ያሰበ ሰው አልተገኘም፤ እኔም አላሰብሁም። ቃላቸውን ከወረቀት አነበብሁላቸው። ውሳኔው እንደ ጸና ቀረ።

በልጅነቴ ሽማግሌዎች ከዋርካ ሥር ተቀምጠው ነገር ሲሰሙ አይቻለሁ። ባለ ጉዳዩ ፊት ለፊት ቆሞ ሲናገር ሽማግሌው ዓይኑን የሚያሸሽበት ስፍራ አልነበረውም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አልጋ ላይ የዋለ ድውይ፥ ከቤት የማትወጣ አራስ ከዋርካው ሥር አልታዩም፤ ነገራቸውን ሌላ ሰው ያወራላቸው ነበር። ስለዚህ «የጥንቱ ይሻላል» ብሎ መጨረስም፥ «አዲሱ ይሻላል» ብሎ መጨረስም አይቻልም። ያው አንዱ መሣሪያ ለአሮጊቷ የፊት በር ሆነላቸው፤ ለእኔ ግን የጓሮ በር ሆነኝ።

እንግዲህ ከዚህ የተማርሁት ይህ ነው። መገኘት ማለት የሌላው ሰው ቃል ሊደርስብንና አሳባችንን ሊለውጥ በሚችልበት ስፍራ ራስን ማኖር ነው። ይህም ለሚዳኘው ሰው መብቱ ነው፤ ለሚወስነው ሰው ዕዳው ነው። መብት እንዲሰፋ ይገባል፤ በስልክም ይሁን በኮምፒዩተር፥ ደረጃ መውጣት ያቃተው ሁሉ ይግባ። ዕዳ ግን በመሣሪያ ምክንያት አይቀነስም። የታመመ ወይም ልጅ የምታጠባ አባል ከቤት ሆኖ ቢመክር አልነቅፍም፤ ፊቱን ይግለጥ፥ ጆሮውን ይስጥ፥ ያልሰማውን ነገር «አልሰማሁምና አልፈርድም» ይበል። በአዳራሽ የተቀመጠውም አካሌ እዚህ ነው ብሎ አይመካ፤ ልቡ የሸፈተ ሰው ከወንበሩ ላይ ሆኖም ማድ ቤት ሊሄድ ይችላልና።

ወጣቶች ሆይ፥ አንድ ቀን ስማችሁ ይጠራል። «አለሁ» ከማለታችሁ በፊት፥ አሁን የተናገረው ሰው ምን እንዳለ ለራሳችሁ ድገሙት። መድገም ካቃታችሁ ገና አልመጣችሁም።