ልጅ ያቦካው

ወገኖቼ፣ የጉና ሥር ሰዎች፣ የዛሬው ነገሬ ስለ ትንንሾቹ ነው፤ ኦ ክፍልና አፀደ ሕፃናት ስለምናስገባቸው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው፣ አይበቃም። ነገር ግን ዛሬ ጭቃ ያላቦካ ልጅ፣ ነገ እርሳስ ለመያዝ ጣቱ ከወዴት ይጠነክራል?

ብዙዎቻችን ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መጀመሪያ የምንፈትሸው ደብተሩን ነው። ገጹ ካልሞላ «ሲጫወት ነው የዋለው» ብለን መምህርቷን እንወቅሳለን። እርሷም ወቀሳውን ፈርታ ያን ለጋ ልጅ አግዳሚ ላይ አስቀምጣ ሀ ሁን በጩኸት ታስደግመዋለች። ለመሆኑ ድንቹ አፍርቶ እንደሆነ ለማየት በየማለዳው ከሥሩ የሚነቅል ገበሬ በፋርጣ ምድር አይታችሁ ታውቃላችሁ? በልጅ ላይ ግን ይህንኑ እናደርጋለን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ፊደልን የምንቅ ሰው አይደለሁም። የቄስ ትምህርት ቤት ይህን አገር በፊደልና በዳዊት ለዘመናት አቅንቷል፤ ክብሩ አይነካም። የዚያ ዘመን ልጅ ግን ፊደሉን ቆጥሮ ሲወጣ ሜዳው ይጠብቀው ነበር። ከብት እየጠበቀ ሲሮጥ፣ ሲወድቅ፣ ከጓደኛው ተጣልቶ ሲታረቅ ይውላል። የዛሬው የከተማ ልጅ ሜዳው በቤት ተይዞበታል። አፀደ ሕፃናቱ ጨዋታውን ከነፈገው ማን ይሰጠዋል?

ጨዋታችንን ደግሞ አንናቀው። ገበጣ ሲጫወቱ ጉድጓድ ምሰው ጠጠሩን አንድ አንድ እያሉ ሲያድሉ፣ መደመርና መቀነስን በእጃቸው ይዳስሳሉ። ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ በአንድ እግር መቆምን፣ መስመር አለመርገጥን፣ ከሁሉም በላይ ተራ መጠበቅን ይለምዳሉ። ይህ ቀላል አይምሰላችሁ፤ ስንቱ አዋቂ ነው ተራ መጠበቅ አቅቶት በመስኖ ውኃ ከጎረቤቱ የሚጣላ! እቃቃ ሲጫወቱ አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ሌላው እንግዳ ይሆናል፤ «ቤቶች!» «ይግቡ!» ሲባባሉ ቃላቸው ይበዛል፣ የሌላውን ልብ መገመት ይጀምራሉ። ከተማችን ስሙን በምትጋራው በደብረ ታቦር በዓል፣ ነሐሴ 13፣ ሆያ ሆዬ ሲሉም አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ካልተደማመጡ ዜማው ይፈርሳል።

ይህ የእኛ ብቻ ጥበብ አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1837 ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮበል የሕፃናት መዋያውን ሲከፍት ለልጆቹ ያቀረበላቸው ኳስ፣ የእንጨት ቁራጭና የሚኮተኩቱት የአትክልት መደብ ነበር። አገራችንም በ2002 ዓ.ም. የሕፃናት ክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ አውጥታለች፤ ኦ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተስፋፋውም ከዚያ ወዲህ ነው።

አንድ የሚያሳዝነኝን ልጨምር። በእነዚህ ዓመታት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች በግጭት ተዘግተው ከርመዋል። ተኩስ የሰማ ሕፃን ፍርሃቱን ቁጭ ብሎ አያወራም፤ እንጨቱን ጠመንጃ አድርጎ ይጫወተዋል። «ተው!» ብላችሁ አትንጠቁት። አጠገቡ ተቀመጡና ማን እንደቆሰለ፣ ማን እንዳስታመመው ጠይቁት። ሲደጋግመው አንድ ቀን ሐኪም ያስገባበታል፣ ሌላ ቀን የምታቅፍ እናት፤ እንዲህ እያለ ይቀለው ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እንቅልፍ ካጣ ወይም ዝምታ ከበዛበት ግን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ታዲያ ምን እናድርግ ላላችሁኝ፣ መምህራኑን የጎደላቸው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የእኛ ፈቃድም ነው። ልብሱ አፈር ነክቶ ቢመጣ አትቆጡት፤ ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው። ከወንዝ ዳር አሸዋ፣ ከሸክላ ሠሪዎቹ ጭቃ፣ ከአናጢው ደጅ ስንጥር የሌለበት የእንጨት ቁርጥራጭ እንውሰድላቸው። ገበጣና ሰኞ ማክሰኞ የምናውቅ አያቶችም ጉልበታችን እስከፈቀደ በሳምንት አንድ ማለዳ እየሄድን እናጫውታቸው፤ ርእሳነ መምህራኑ በሩን ይክፈቱልን።