ክብር የስለት ዋጋ አይደለም

የእግዚአብሔር ክብር የባሕርይ ገንዘቡ ነው፤ ፍጡር ቢያመሰግነው አይጨምርም፣ ቢነፍገውም አይጎድልበትም። ሙሴ ይህን ክብር ለማየት በሲና ተራራ ቢለምን ፊቱን ማየት አልተቻለውም፤ በዓለት ስንጥቅ ተሰውሮ ጀርባውን ብቻ እንዲያይ ተፈቀደለት። በሰሎሞን ዘመን ቤተ መቅደሱን ደመና ሲሞላው ካህናቱ ቆመው ማገልገል ተሳናቸው። በሐዲስ ኪዳን ግን ክብሩ በክርስቶስ ሥጋ ለብሶ ታይቷል። ነሐሴ 13 የሚከበረው ደብረ ታቦር፣ ልጆች በየደጁ «ሆያ ሆዬ» የሚሉበት የቡሄ በዓል፣ መታሰቢያነቱ በታቦር ተራራ ላይ ለበራው የክርስቶስ ብርሃን ነው።

አምልኮ ለዚህ ክብር መገዛት ነው። በቅዳሴ ጊዜ ሕዝቡ ኢሳይያስ ከሰማቸው ሱራፌል ጋር ተባብሮ ሦስት ጊዜ «ቅዱስ» ይላል፤ ቆሞ ያስቀድሳል፣ ይሰግዳል። በዚያ ሰዓት ሹሙም ድኻውም ጫማውን አውልቆ ይገባል።

በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን፣ እንደ ሌሎቹ የመልአኩ አድባራት ሁሉ፣ ታኅሣሥ 19 ታላቅ በዓል ነው። ታቦቱ በካህኑ ራስ ላይ ሆኖ ሲወጣ እልልታው ይቀልጣል፤ ስለት የደረሰለትም ጥላውን፣ ጧፉን፣ ምንጣፉን ይዞ ይመጣል። ስለት ማግባት መልካም ነው። ይሁንና የዕለቱ ታሪክ ከዚያ የጠለቀ ትምህርት አለው። መልአኩ ከእቶን እሳት ያዳናቸው አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ናቡከደነፆር ላቆመው የወርቅ ምስል አልሰገዱም። አምላካቸው ከእሳቱ ሊያድናቸው እንደሚችል ለንጉሡ ነገሩት፤ ባያድናቸው እንኳ ለጣዖቱ እንደማይሰግዱ ጨመሩበት። ክብሩን የሰጡት ከመዳናቸው በፊት፣ መዳናቸውንም መደራደሪያ ሳያደርጉ ነው።

ወጣት ምእመን ከሁሉ አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባው ይህን ነው። ፈተና ሲያልፍ ወይም ሥራ ሲያገኝ ብቻ የሚያመሰግን ሰው ያከበረው የተሰጠውን ነገር እንጂ ሰጪውን አይደለም፤ ነገሩ የቀረ ዕለት ምስጋናውም ይቀራል። ሌላው ወጥመድ ደግሞ ከስኬት በኋላ ይመጣል። ሄሮድስ ሕዝቡ የአምላክ ድምፅ ነው ብሎ ሲያሞካሸው ክብሩን ለእግዚአብሔር ስላልመለሰ መልአክ ቀሠፈው፤ በትል ተበልቶም ሞተ። የተማረም፣ የዘመረም፣ የነገደም ሰው ሲመሰገን ምስጋናውን ወደ ባለቤቱ መመለስ ይልመድ። ያ ልማድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ አይቆምም፤ ጳውሎስ እንዳስተማረው መብሉም መጠጡም ሥራውም ሁሉ ለእግዚአብሔር ክብር ይሁን። ስለቱ የደረሰለት ያግባ፤ ያልደረሰለትም አምላኩን ከማክበር አይቦዝን።