ብርሃን ወዳጅን ከጠላት ይለያልን?

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከፕሊመዝ ወደብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በባሕር መካከል የሚገኘው የኤዲስቶን ዐለት፣ ባሕሩ ሲሞላ በአብዛኛው በውኃ ስለሚሸፈን ብዙ መርከቦችን ሲሰብር ኖሯል። በዚያ ላይ የመጀመሪያውን የመብራት ማማ፣ ማለትም መርከበኞች በሌሊት አደጋውን አይተው እንዲርቁ መብራት የሚበራበትን ረጅም ሕንፃ፣ ያቆመውን ሄንሪ ዊንስታንሊን ያነሣሣው ርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘቡን ያፈሰሰባቸው መርከቦች እዚያው ተሰብረውበታል። ሥራው ገና ሳያልቅ በ1697 እ.ኤ.አ.፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ ይዋጉ ስለነበር፣ በመንግሥታቸው ፈቃድ የጠላትን መርከብ የሚዘርፉ ፈረንሳውያን ማርከው ወሰዱት፤ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ግን ጠባቸው ከእንግሊዝ እንጂ ከሰው ልጅ ጋር አለመሆኑን ተናግረው እንደ ለቀቁት ይተረካል። የፈረንሳይ መርከቦችም በዚያው ባሕር ያልፉ ነበርና ትረካው ንጉሡን ትንሽ ሳያሳምራቸው አልቀረም።

መጽዋች የለማኙን ፊት አይቶ ሊሰጠውም ሊነፍገውም ይችላል፤ የማማ መብራት ግን የሚያልፈውን ሁሉ ያለ ምርጫ ስለሚመራ፣ ፀሐይ ለጻድቁም ለኃጥኡም እንደምትወጣ የሚናገረውን የወንጌል ትምህርት ያስታውሳል። ሆኖም ፀሐይን የሚያወጣት አምላክ መከልከል እየቻለ የማይከለክል ሲሆን፣ መብራቱ ልከልክል ቢልም አይሆንለትም፤ መንፈግ የማይችል ሰጪ ታዲያ ቸር ይባላልን? እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1848 እ.ኤ.አ. ማማ መሥራት የመንግሥት ድርሻ ነው ያለው፣ በባሕር ላይ ያለን መርከብ ማስከፈል አይቻልም በሚል ነበር፤ የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሮናልድ ኮዝ ደግሞ በ1974 እ.ኤ.አ. የብርሃን ቀረጥ፣ ማለትም መርከቦች ስለ መብራቱ የሚከፍሉት ገንዘብ፣ በየወደቡ ይሰበሰብ እንደነበር አሳይቷል። ወደብ ሳይነካ የሚያልፈው መርከብ ግን ምንም ሳይከፍል ብርሃኑን አግኝቶ ይሄዳል። እንግዲህ ቸርነቱ ካለ፣ ያለው በመብራቱ ሳይሆን፣ ለማን እንደሚያበራ መምረጥ እንደማይችል እያወቀ በሚያበራው ሰው ዘንድ ነው።

ዊንስታንሊ በኅዳር 1703 እ.ኤ.አ. በተነሣው ታላቅ ማዕበል ከነማማው ጠፋ፤ ቀጥሎ የተሠራው የእንጨት ማማም በ1755 እ.ኤ.አ. ተቃጠለ። ጆን ስሚተን ድንጋዮቹን እርስ በርስ አቆላልፎ የገነባው ሦስተኛው ማማ በጥቅምት 1759 እ.ኤ.አ. ሲበራ ሁለቱ አገሮች እንደገና ጦርነት ላይ ነበሩ፤ ጠባቂዎቹም የ24ቱን የሞራ ሻማዎች ክር ሌሊቱን ሙሉ እየቆረጡ ያስተካክሉ ነበር።