የራስ ቁሩ የማንን ራስ ይጠብቃል?

ለአንድ ሰው ከአደጋ የሚጠብቀው ዕቃ ስናለብሰው፣ ወደ አደጋው ይበልጥ እንድናስጠጋው ፈቃድ አገኘን ማለት ነው ወይ? ጥያቄው የፋብሪካም የጦር ሜዳም ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ለዛሬ ከሩቅ አገር ጨዋታ፣ ከክሪኬት እንነሣለን፤ እዚያ ነገሩ በሕግ አንቀጽ ተጽፎ ስለሚገኝ ለክርክር ይመቻል።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ፦ የክሪኬት ኳስ ከ156 እስከ 163 ግራም የሚመዝን፣ በቆዳ የተለበጠ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነገር ነው። ወርዋሪው ይወረውራል፣ መቺው በእንጨት ይመታል፣ ቀላቢዎቹ መሬት ሳይነካ ከያዙት መቺው ይወጣል። ጓንት የሚፈቀደው ከመቺው በስተኋላ ለሚቆመው ለአንዱ ቀላቢ ብቻ ነው፤ የቀሩት በባዶ እጃቸው ናቸው። ከነሱም አንዱ፣ የመቺው አፍንጫ ሥር ማለት ይቀላል፣ ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል።

የመቺውን ጉዳይ ቶሎ እንለፈው። እ.ኤ.አ. በ1978 አውስትራሊያዊው ግራሃም ያሎፕ ባርቤዶስ ላይ፣ በቴስት ግጥሚያ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የራስ ቁር ደፍቶ ሲገባ ተመልካቹ ጮኸበት። ተቀምጦ የሌላውን ወንድነት መለካት ምን ይከብዳል! ቪቭ ሪቻርድስ በበኩሉ እስከ መጨረሻው ያለ ቁር ተጫወተ። ይህም የገዛ ራሱ ጉዳይ ነው።

የቀላቢው ግን ይለያል። መቺው ኳሱ ይመጣበታል፤ ቀላቢው ወደ ኳሱ የሚጠጋው ታዝዞ ነው። ቦታ የሚመድበው አምበሉ ሲሆን፣ ልማዱም ያንን ቦታ ለቡድኑ ታናሽ መስጠት ነው። «እምቢ ማለት ይችላል እኮ» ይሉናል። የአዲስ ገቢ «እሺ» እንዴት ከአፍ እንደሚወጣ እኛ ተማሪዎች አጥተነው ነው? ቁሩ ከመጣ ወዲህ ደግሞ አምበሉ ኅሊናውን የሚያሳርፍበት ነገር አገኘ፦ «ቁር አድርጓል፣ ምን ይሆናል?»

የለንደኑ ሜሪልቦን ክሪኬት ክለብ ባወጣው ሕግ፣ ቀላቢው አውልቆ መሬት ያስቀመጠውን ቁር ኳሱ ከነካው ለመቺው ወገን 5 ነጥብ ይሰጣል። ራስ ላይ ሲሆንስ? ከ2000 እስከ 2017 በሠራው ሕግ፣ ኳሱ የቀላቢውን ቁር ነክቶ ነጥሮ ቢያዝ መቺው አይወጣም ነበር፤ ትከሻውን ወይም ባዶ ግንባሩን ነክቶ ከሆነ ግን ይወጣል። በ2017 ይህ ተሻረና ቁሩም እንደ ገላ ተቆጠረ።

ከመካከላችን የቀድሞውን የሚደግፉ አሉ፤ ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም፦ ከአደጋ ትርፍ ካልተገኘ ማን ሰውን ወደ አደጋ ያስጠጋል? ይሁንና ያ ሕግ ለባዶ ራስ ዋጋ ሰጥቶ የተሸፈነውን ይነፍግ ነበር። ለዚህ ነው የ2017ቱን የምንመርጠው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1998 ዳካ ላይ፣ ሕንዳዊው ራማን ላምባ በክለብ ጨዋታ ለመቺው ተጠግቶ ቆመ። ቁር ይምጣልህ ቢሉት የቀረው ሦስት ኳስ ብቻ ነው ብሎ ተወው። ኳሱ ራሱን መትቶ ነጠረ፣ ከኋላ ያለው ቀላቢ ያዘው፣ መቺው በሕጉ መሠረት ወጣ። ላምባ ከቀናት በኋላ በ38 ዓመቱ ሞተ።

እንግዲህ ሕጉ ኳሱ ነጥሮ የት እንደሚደርስ ይከታተላል እንጂ ሰውየውን እዚያ ማን እንዳቆመው አይጠይቅም። ይህን የጠየቀ አንድ ደንብ እናውቃለን፤ የእንግሊዝ ክሪኬት ቦርድ ለታዳጊዎች ያወጣው። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች በሆነው ምድብ የሚጫወት ልጅ፣ ከመቺው ኋላ በአንድ በኩል ካልሆነ በቀር፣ ከመካከለኛው እንጨት ከ7.3 ሜትር አይጠጋም። ቁር ቢያደርግም እንኳ! ቢጠጋ ዳኛው ጨዋታውን አስቁሞ ይመልሰዋል፤ ልጁ ፈቅጃለሁ ቢልም ለውጥ የለውም። ዕድሜው ከፍ ሲል ይህ ሁሉ ይነሣለታል። ኳሱ ግን ያው ነው፣ አምበሉም ያው፣ «እሺ»ውም ያው። የኛ እኩያ የሆነውን፣ የ19 እና የ20 ዓመቱን አዲስ ተጫዋች፣ ማን አስቁሞ ይመልሰው?